የጋሽ ገብረሕይወት እዝባር

«ቀበራችሁት?» አሉኝ ጋሽ ገብረሕይወት ዛሬ ከሰዓት፣ የልቅሶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው። የሰሙት ከባጃጅ ሾፌር ነው።

ጋሽ በራሶን እኩለ ቀን ላይ ቀብረናል። እሳቸውና ጋሽ ገብረሕይወት እዚሁ ዲላ አንድ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት አብረው አስተምረዋል።

ለእድራችን የመርዶ መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። የአባላት መዝገቡ በእዝባር የተከፈለ ነው፦ ስም/ሰፈር/ስልክ። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ማለትም ከጽሑፍ ውስጥ የተፈለገውን ክፍል ለይቶ በሚያወጣ ትእዛዝ፣ ከሁለተኛው እዝባር ቀጥሎ ያለውን ስልክ ብለህ ውሰድ አልኩት።

ጸሐፊያችን ግን እንደ ልማዳችን «ገ/ሕይወት» ብሎ መዝግቧቸዋል። አንድ እዝባር በመጨመሩ በስልካቸው ቦታ የሰፈራቸው ስም ወጣ። የሳቸው መልእክት የትም አልደረሰም።

ድሮ ጡሩምባ ነፊው የማንንም ስም አይቆርጥም ነበር።

ስህተቱን አስረዳኋቸው።

«እና በስሜ ምክንያት ነው የቀረሁት?»

«በእኔ ምክንያት ነው፣ ጋሼ።»

«አንድ አካፋ አፈር እንኳ አላለበስኩትም» አሉና ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ግቡ ብላቸው እንቢ አሉ።

ፕሮግራሙን አሁን አስተካክያለሁ። ኃ/ማርያምም ወ/ሚካኤልም በትክክል ይወጣሉ።

ሳትሰሙ የወዳጅ ቀብር ያለፋችሁ ካላችሁ፣ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ። ነገ ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ።