በእድር ድንኳን የተከፈተው ክፍል

ፀደንያ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ሆና የተመረጠችው በቁጡነቷ ነው። ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ውስጥ የእድር ድስት ወስዶ መመለስ የሚረሳ ሰው ድሮ ሞልቶ ነበር፤ እሷ ከተመረጠች ወዲህ ግን የረሳ የለም። በማለዳ ደጃፉ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማ ሊያያት የሚፈልግ ማን አለ? በተረፈ መጋረጃ ሰፊ ናት። ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ወደዚህ ያመጣት የቤት ኪራይ ነው። ምላሷ ምላጭ ቢሆንም ሆዷ ቡቡ ነው። ይህን አሳምሮ የሚያውቀው ባሏ ተክሉ ነው፣ እሱም አንዳንዴ ይጠራጠራል።

ባልና ሚስቱን ያጣላቸው የልጃቸው የዕድላዊት ትምህርት ቤት ነበር። በ2008 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ስትገባ ተክሉ "የከተማ ትምህርት ይሻላል" ብሎ በእህቱ አድራሻ አዲስ አበባ፣ አስኮ አስመዘገባት። ይሻላል የተባለው ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ይቀመጣል። ዕድላዊት ጫፍ ላይ ስለደረሳት ግማሽ ቁጭ፣ ግማሽ ቆማ ነበር የምትጽፈው።

ጥቅምት ላይ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አቶ መልከጼዴቅ የሚባሉ የሰፈሩ ወላጅ ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡና "ክፍሉን ያጨናነቁት ከቡራዩ የሚመጡት ናቸው። የእኛ ልጆች መቀመጫ አጥተው የሌላ ሰፈር ልጅ የምናስተምረው ለምንድን ነው? ወደየሰፈራቸው ይመለሱ" አሉ። ተጨበጨበላቸው። ፀደንያ ብድግ ልትል ስትል ተክሉ ቀሚሷን ይዞ አስቀመጣት። በእህት አድራሻ ልጁን ያስገባ ሰው በስብሰባ ላይ ድምፁን አያሰማም። የዚያን ቀን ዝምታዋ ሲያንገበግባት ከረመ።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት ተቃውሞ ተነሣ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ታክሲም ቆመ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀደንያ አስኮ ድረስ በእግሯ ሄዳ ልጇን አዝላ ተመለሰች። ከሩቅ ጎማ ሲነድ ይታያል። ዕድላዊት ከጀርባዋ ሆና "እማዬ፣ ነገም እንዲህ ነው?" አለቻት።

"ነገማ አትሄጂም" አለች ፀደንያ። ፈርታ ነበር፣ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን ንዴቷ በለጠ።

በነጋታው በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ሄደች። ርእሰ መምህሩን ኦቦ ቀጄላን "አካም ቡልተን" ብላ ሰላምታ ሰጥታ ጉዳይዋን ነገረቻቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁ። "የአማርኛው ክፍል ልጆች መሬት ነው የሚቀመጡት፣ የኦሮምኛውም ያው ነው። ወርቅቱ የምትባል ጎበዝ አስተማሪ ተመድባልኛለች፣ ግን የት ላስቀምጣት? ክፍል አምጪልኝና ልጅሽን እቀበላለሁ።"

ክፍል ከየት ይመጣል? እያሰበች ስትመለስ እጇ ኪሷ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ያሽከረክራል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ድንኳን አለ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችም አሉ። ሰው እስኪሞት ድረስ ሥራ የላቸውም።

ተክሉ ሲሰማ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። "ልጄ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ? ሞቼ ነው ቆሜ። መንገዱ እስኪከፈት ቤት ትቀመጥ።"

"ሲከፈትስ? አቶ መልከጼዴቅ እልል ብለው ሊቀበሏት ነው?"

ተክሉ ግን እሺ አላለም።

ፀደንያ ሐሳቡን ለእድሩ ስብሰባ ስታቀርብ ዳኛው አቶ ዓባይነህም "ለሕፃን ልጅ ጥሩ ምልኪ አይደለም" ብለው ተቃወሙ። አብረዋቸው የነበሩት የኮሚቴ አባላትም በሐሳባቸው ተስማሙ። ያን ጊዜ በዚያ ዓመት ባሏን የቀበረችው የፀደንያ ጎረቤት ገለቴ ተነሣች። "እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጬ አልቅሻለሁ" አለች። "ወንበሩ ምን አጠፋ? የእኔን ልቅሶ ከሰማ የልጆቼን ንባብ ቢሰማ ምን ይሆናል?" አቶ ዓባይነህ ተረቱ። ሰው ከሞተ ድንኳኑ በዚያው ሰዓት ይነቀላል በሚል ስምምነት ተፈቀደ።

ሰኞ ማለዳ ድንኳኑ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተተከለ። ቁልፍ ያዥዋ የራሷን ልጅ ካላመጣች የማንም ልጅ እንደማይመጣ ፀደንያ ታውቃለች። ስለዚህ ተክሉ በእግሩ አስኮ ወደሚሠራበት ፋብሪካ እስኪሄድ ጠበቀችና የባሏን ቃል ወደ ጎን ትታ ዕድላዊትን ይዛ ወጣች። የገለቴ ልጆች መጡ፣ ሌሎችም ጥቂቶች ተጨመሩ። ወርቅቱ ሰሌዳውን ምሰሶው ላይ አስደግፋ ማስተማር ጀመረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም ነበር። ወጣት በየቦታው በሚሞትበት በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን የሚያይ ሰው ምን ያስባል? አንዲት መንገደኛ ከአጥሩ ውጪ ሆና አየችና ነጠላዋን አገልድማ ጮኸች። ጎረቤቱ ጩኸቷን ሰምቶ ወጣ። እናቶች ጫማቸው እየወለቀ ሮጡ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እየጎተቱ ተከተሉ። "የማን ልጅ ነው?" ይባባላሉ። የሚያውቅ አልነበረም፣ የሚያለቅሰው ግን ብዙ ነበር።

ድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቀጥ አሉ። በለቅሶ ወንበር ላይ ልጆች ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ያዩዋቸዋል። ወርቅቱ ጠመኔ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች።

"ማንም አልሞተም" አለች ፀደንያ። "ትምህርት ነው።"

"ኢጆሌን ነጋ?" አለች መጀመሪያ የጮኸችው ሴት፣ ያመነች አትመስልም።

"ልጆቹ ሁሉም ደህና ናቸው። ይኸው፣ ግቢና እያቸው።"

ሴትየዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀችም አለቀሰችም። አንድ ሽማግሌ እንደ ወጉ ለማስተዛዘን ገብተው ተቀምጠው ስለነበር "ከተቀመጥኩ አይቀር" ብለው ትምህርቱ እስኪያልቅ አልተነሡም።

ተክሉ ደግሞ ፋብሪካው ድረስ ተደወለለት። ድንኳኑን እንኳ ያውቀዋል፤ ዕድላዊት እዚያ ናት፣ ሰው ይጮኻል ሲባል ግን ሥራውን ጥሎ ወጣ። ያን ሁሉ መንገድ ሮጦ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ዕድላዊት ሰሌዳው ፊት ቆማ ጮክ ብላ ታነባለች። መጨረሻው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ፀደንያ ለጠብ ተዘጋጅታ አጠገቡ ቆመች።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?" አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

"ሁለት ሰዓት።"

"ወንበሩ ከፍ ብሎባታል፣ እግሯ ተንጠልጥሏል። መርገጫ እሠራላታለሁ።"

በነጋታው ሊያለቅሱ የመጡት ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ድንኳኑ ጠዋት በአማርኛ፣ ከሰዓት በኦሮምኛ በፈረቃ ሞላ። ሰው ሲሞት ልጆቹ ራሳቸው አግዳሚውን ተሸክመው ለቅሶ ቤት ያደርሱና ዛፍ ሥር ይማራሉ፤ ለቀስተኛው ሲበተን ሐዘንተኞቹ መልሰው ያመጡታል። ጥር ላይ ፕላኑ ቀረ ተባለ፣ ድንኳኑ ግን አልቀረም። እስከ ክረምት ወላጆቹ እንጨት አቁመው፣ ጭቃ መርገው ሁለት ክፍል ሠሩ። ፀደንያ የቀጠቀጠችውን ቆርቆሮ ያየ ሰው መጋረጃ ሰፊ ናት አይላትም። ደስታዋ ከፊቷ አልፎ ከአረማመዷ ይታይ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ምዝገባ ላይ፣ የወላጆች ኮሚቴ አባል ሆና ከኦቦ ቀጄላ ጎን ተቀምጣለች። ከረባት ያሰሩ አንድ ሰውዬ ወንድ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ቀረቡ። አቶ መልከጼዴቅ ናቸው። እሳቸው አላወቋትም።

"ከአስኮ ነው የመጣነው" አሉ። "እዚያ መቀመጫ የለም። እዚህ ልጅ እንደ ልብ ይማራል ሲባል ሰምተን ነው።"

"ሰፈርዎ ግን እዚህ አይደለም" አለች ፀደንያ።

ሰውዬው አንገታቸውን ደፉ። "አይደለም።"

በስብሰባው ቀን የዋጠችው ንግግር ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ልጁን አየችው። አንድ እግሩን መሬት ላይ፣ ሌላውን በጣቱ ጫፍ አድርጎ ቆሟል፣ ልክ እንደ ዕድላዊት የዴስክ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የለመደ ይመስላል።

"ይመዘገባል፤ ወንበር አለን" አለች። "ቅዳሜ ለሦስተኛው ክፍል ጭቃ እናቦካለን። እርስዎ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቀድመው የሚነሡ ሰው ነዎት፤ አሮጌ ሱሪ ለብሰው ይምጡ።"

አቶ መልከጼዴቅ ቀና ብለው አዩዋት። ያን ጊዜ አወቋት።

ቅዳሜ መጡ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ከተክሉ ጋር ጭቃው ውስጥ ገቡ፣ ፀደንያም ውኃውን ታፈስስላቸው ነበር።