የረሃብ አድማ አልነበረም

ፖሊሶች ካዛንቺስ ካለው ቢሮዬ በር ላይ ይዘው ቂርቆስ አካባቢ ወዳለ ጣቢያ ወሰዱኝ። ጥፋቴ ከምርጫው በኋላ የተበተነ የተቃውሞ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ መገኘቱ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት። የእርጥብ ፍራሽና የበረኪና ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ።

እናቴ ምሳ አመጣች። ፖሊሱ በማንኪያ እጀታ ጎርጉሮ ፈትሾ አስገባው። ለሌሎቹ አቀረብኩና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። በማግስቱም እንዲሁ።

"አድማ ላይ ናት" ተባለ። አንዲት ተማሪ እጄን ጨብጣ፣ "ጀግና ነሽ" አለችኝ።

አላስተባበልኩም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ምግብ እፈራ ነበር። ቤት በጾም እያሳበብኩ፣ ቢሮ "በልቻለሁ" እያልኩ ነው የኖርኩት። የምረጋጋው ቀሚሴ ሲሰፋኝ ብቻ ነበር። አሁን በሽታዬ ጀግንነት ሆነልኝ። እንዲያ እየተወደስኩ ልሞት እችል ነበር።

አንድ ጠዋት የሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ራሴን ሳትኩ። ስነቃ፣ ከእኛው ጋር የታሰሩ አንዲት ልብስ ነጋዴ ደግፈውኛል።

"ልጄ፣ ጠብሽ ከነሱ ጋር ከሆነ አልከለክልሽም" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግን ሳትታሰሪም አትበዪም ነበር፣ አይደል?"

"በምን አወቁ?"

"እህቴ እንደዚህ ነበረች። ጸጉሯ መርገፍ ሲጀምር ነው የነቃነው።"

ለመጠየቅ ፈራሁ። "አሁንስ?"

"አለች። ወልዳለች። ሰው ፊት መብላት አንዳንዴ ይጨንቃታል፤ ግን ትበላለች።"

ይህ ነገር ይዞት የተረፈ ሰው እንዳለ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ምሳ ሲመጣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "አላጎርስሽም። ራስሽ ቁረሺ።"

ቆረስኩ። በውሃ አወረድኩት። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቀ።

"ምነው፣ አድማው አለቀ?"

ተማሪዋ ፊቷን አዞረች። እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ። መተው ቀላል ነበር፤ ሁሉም ያከብሩኝ ነበር።

"አድማ አልነበረም" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰሙ። "ታምሜ ነው።"

ሌላ ቆረስኩ። ቆይቶ ተማሪዋ ተጠግታ አብራኝ መብላት ጀመረች።

እዚያ አልዳንኩም። ከተፈታሁ በኋላም ወድቄያለሁ፣ ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ። አሁን መስቀል ፍላወር ነው የምሠራው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዛሬም መዳፌን ያልበኛል። ባልደረቦቼ እስኪጠሩኝ አልጠብቅም፤ ቀድሜያቸው ወደ ምግብ ቤቱ እወርዳለሁ። ካልቀደምኩ ሳልበላ እንደምቀር አውቃለሁ።