ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ የመጣችው ሴት

ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሲሰጠኝ ፊቱን ሳላይ አልቀበልም። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ በሰመራ ሙቀት ውሃ ያቀረበልሽን ሰው እንደ ሌባ የምታገላብጪው ምን ሆነሽ ነው ይሉኛል። ይሳቁ። እነሱ የኛን ኡስታዝ አያውቋቸውም።

ልጆች ሳለን አዋሽ ከመስጊዱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ቁርኣን ያስቀሩን ነበር። ክፍሏ ላብ ላብና የልጅ ጫማ ትሸት ነበር። እንቅልፍ ሲጥለን ኡስታዝ የሚያነቁን በሸይጣን ወሬ ነው። አንድ ቀን ምን አሉን፤ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ጉሮሮው ይደርቃል፤ ያኔ ሸይጣን የሚወደውን ዘመዱን መልክ ለብሶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ ይመጣና «ኢማንህን ተው፣ ላጠጣህ» ይለዋል። ሌሎቹ ልጆች ከበር ሲወጡ ረሱት። እኔ ግን ያኔም ተጠራጣሪ ነበርኩ፤ እማዬ «ይቺ ልጅ ጥላዋንም አታምን» ትለኝ ነበር። ደግሞስ ንፋሱ ፊት በሚለበልብበት አገር ቀዝቃዛ ውሃ ማን እምቢ ይላል?

ያ ሰሞን አባባ ታሞ ተኝቷል። አባባ የአባቴ አባት ነው፤ በጎልማሳነቱ ከወሎ መጥቶ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይና ፉል እየሸጠ የኖረ ሰው። እንደማይነሳ ሲያውቀው ሁላችንንም አስጠርቶ መረቀን። በየስማችን እየጠራ፣ ራሳችንን እየዳበሰ፣ እንትፍ እንትፍ እያለ። ሁሉም ተመርቆ ሲያበቃ ግን እጁን አልሰበሰበም። አንድ የቀረ ራስ እንደሚፈልግ ሁሉ አየር ላይ ዘርግቶት ቆየ። አባቴና እማዬ ተያዩ። «ማን ቀረ?» ብዬ ብጠይቅ «ዝም በይ!» ተባልኩ። ከዚያ ወዲያ አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ቢጠሩትም አይመልስ፣ ቢለምኑትም አይናገር። ዝም በይ መባል ደግሞ ለኔ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። እዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር አለ አልኩ።

በሩን ያዝኩ። ሌላው ቢቀር አባባን ሸይጣን አያታልለውም፤ ያለ ኢማን አይሄድም። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ብርዝ ይዛ ብትመጣ እንኳ ቢስሚላህ ካላልሽ አትገቢም አልኳት። «ወይ ጉድ! የዛሬ ልጅ!» አለች። ቢስሚላህ ግን አላለችም ነበርና የበሩን መጋረጃ አልለቀቅኩም። እማዬ መጥታ በጆሮዬ ጎትታ ነው ያስለቀቀችኝ።

ጁምዓ ቀን ወንዶቹ መስጊድ ሄደዋል፣ እማዬ ጓዳ አጥሚት ታማስላለች። ከቤታችን ፊት ለፊት የጭነት መኪና ቆመና አንዲት ሴት ወረደች። ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ መሪው ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ቀረብ ስትል ክው አልኩ። ፊቷ የአባቴ ፊት ነው! የአባቴ ዓይን፣ የአባቴ ግንባር፣ የአባቴ ፍንጭት ጥርስ፣ ከላዩ ሻሽ የታሰረበት። አባቴን እኮ አሁን ወደ መስጊድ ሲሄድ አይቼዋለሁ! ይባስ ብሎ በእጇ ፔርሙዝ ይዛለች፤ በረዶው ውስጡ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«አባባ አለ? ቀዝቃዛ ውሃ አምጥቼለት ነበር» አለች።

ያረቢ! ኡስታዝ እንዳሉት፣ ምንም ሳይጎድል! እጆቼን በበሩ ግራና ቀኝ ዘርግቼ «አያተል ኩርሲን ቅሪ!» አልኳት። ሸይጣን ያችን የቁርኣን አንቀጽ ሲሰማ ይሸሻል ተብለናል። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የማን ልጅ ነሽ ብትለኝ በሩን አጥብቄ ያዝኩ። «ቅሪ!»

ቀራች። ገና ስትጀምር አወቅኩት። ዜማው የአባባ ነበር። ከወሎ ይዞት የመጣው፣ መጨረሻዋን ወደ ላይ ሳብ የሚያደርጋት፣ ኡስታዝ «ይሄን የገጠር ዜማ ተዪ» እያሉ የሚገስጹኝ ዜማ። ከአባባ ካልተማረ በቀር አዋሽ ውስጥ ማንም እንደዚያ አይቀራም። ታዲያ ይቺ ማናት? ወደ ማብቂያው «ወላ የኡዱሁ ሒፍዙሁማ» ካለች በኋላ ቆመች።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ስንት ለምነነው ዝም ያለን ሰው ጨረሰላት፤ «ወሁወል ዐሊዩል ዐዚም።» ቀጠለናም «ሐዋ፣ እዚያ ጋ ሁልጊዜ ትሰናከያለሽ። ግቢ» አለ።

ሐዋ የአባቴ እህት ናት። እኔ ሳልወለድ ከአንድ ሾፌር ጋር ያለ አባቷ ፈቃድ ሰመራ ሄዳ ተጋብታ፣ አባባ ስሟ በቤቱ እንዳይነሳ ምሎ ኖሯል። ይሄን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ ግን አላመንኳትም፤ ቀሚሷን ጨብጬ ተከትያት ገባሁ። ከአልጋው ስር ተደፍታ «አባባ፣ አፉ በለኝ» አለች። «አፉ ብዬሻለሁ፤ አንቺም አፉ በይኝ» አላት። ያ ተዘርግቶ የቀረ እጁ ራሷ ላይ አረፈ። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ፣ ልጄ» ብሎ እንትፍ ሲል ግማሹ እኔ ፊት ላይ አረፈ። ውሃውን ልትሰጠው ስትል መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው አልኳት። ቀመሰች። አባባ ጠጣ። አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ እህቱን እዚያው አገኛት፤ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። የከሰዓቱ የአስር ሰላት ሳይደርስ አባባ የኢማን ቃሉን፣ ሸሃዳውን ብሎ ሄደ።

ዛሬ እኔም ሰመራ ነው የምሠራው፤ የምኖረውም ከአክስቴ ከሐዋ ጋር ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ያ ምርቃት እኔ ላይ የተረጨው እንዲያው በአጋጣሚ ነው ብትሉኝ አላምናችሁም። ድሮ ውሃ የምናቀዘቅዘው ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ነበር፤ አሁን ፍሪጅ አለን። የጎረቤት ልጆች ቁርኣን ከስልክ ይሰማሉ፤ ያምራል፣ አልዋሽም። የአባባን ዜማ የሚያውቅ ግን ከሁለታችን ሌላ ሰው አልቀረም፤ አንዷ ደግሞ አልጋ ላይ ናት።

ባለፈው ጁምዓ ቀዝቃዛ ውሃ ይዤላት ገባሁ። አልተቀበለችኝም። አተኩራ አየችኝና «አንቺ ማነሽ?» አለች። «ሰዓዳ ነኝ፣ አክስቴ» አልኳት። «እስቲ ቅሪ!»

እየቀለደችብኝ ይሁን ወይ የምር ጠፍቼባት፣ ተጠራጣሪዋ እኔ እንኳ መለየት አቃተኝ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቀራሁላት። «ወላ የኡዱሁ ሒፍዙሁማ» ላይ ስደርስ ሆነ ብዬ ቆምኩ። ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ መጨረሻዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ፣ «ወሁወል ዐሊዩል ዐዚም» አለችና ለውሃው አፏን ከፈተች።