የአባቴ በቅሎ ጠመንጃ

ርችት ተተኩሶ ጭሱ በባዕድ አገር በምኖርበት በሜድስቶን ሰፈር ጣሪያዎች ላይ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ያያል፤ እኔ የባሩዱን ሽታ እከተላለሁ። ወደ አንድ ቅዳሜ ይወስደኛል። ሐምሌ ነበር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከዌሪቢ ከተማ ወጣ ብሎ በነበረው የኢላማ ተኩስ ክበብ። ከጎመን እርሻዎቹ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። አባቴ ከጎኔ በደረቱ ተኝቶ ቃታውን ሳበ። ከዚያ ግንባሩን ሰደፉ ላይ ደፍቶ ቆየ።

«በቃኝ» አለ። «ጠመንጃውን ሰጥቼ ልገላገል።»

በወጣትነቱ፣ ወታደር ሳለ፣ ቀኝ ትከሻውን ቆስሏል። ያ ትልቅ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ጠመንጃው ወደ ኋላ እየረገጠ አሮጌውን ቁስል ይቀሰቅስበት ነበር። ሕመሙን ፈርቶ ገና ሳይተኩስ ዓይኑን መጨፈን ጀምሯል፤ ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ምን እንደማጣ ልንገራችሁ። እኔ ዓይናፋር ነኝ፤ አባቴም እንደዚያው። ቤት ውስጥ እናቴ ለሦስታችንም ታወራ ነበር። ክበቡ ላይ ግን ጎን ለጎን ተኝተን፣ ቃል ሳንለዋወጥ፣ ግማሽ ቀን አብረን እንውል ነበር። ዛሬ ያ ሜዳ ቤት ተሠርቶበታል። ያኔ ግን ቅዳሜያችን ከቀረ እኔና እሱ ሌላ የት እንደምንገናኝ አላውቅም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ፈቃድ ባለው አንድ ሽማግሌ የጠመንጃ ባለሙያ ወርክሾፕ ተቀጥሬ ነበር። ሰኞ ጠዋት አሳቤን ነገርኩት፦ የአባቴን ጠመንጃ በርሜል እንለውጥና የሽጉጥ ጥይት እንዲጎርስ እናድርገው። የሽጉጥ ጥይት አጭር ናት፤ ባሩዷም ትንሽ፣ ርግጫዋም ለስላሳ።

«መተኮሱንስ ይተኩሳል» አለ አለቃዬ። «ይመታል ወይ ነው ጥያቄው።»

«ይመታል» አልኩ። የድምፄ መጉላት እኔንም ገረመኝ።

የፈቃዱን ወረቀት እሱ ጨረሰ፤ ብረቱን ለእኔ ተወልኝ። ጥይቷ የምትቀመጥበት ጉድጓድ ከበርሜሉ መሃል የፀጉር ያህል ከተዛነፈ ኢላማው ላይ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ እቆርጣለሁ፣ እለካለሁ፣ ዘይቱን ጠርጌ ደግሞ እለካለሁ። አንዱን በርሜል አለቃዬ «ይሄ ይበቃል» ብሎኝ ሳለ አስቀምጬ ሌላ ጀመርኩ። ለሌላ ሰው ቢሆን ይበቃ ነበር።

በሞከርንበት ቅዳሜ የአባቴ የጦር ሜዳ ጓደኛ አብሮን መጣ። ጋሼ ነው የምለው፤ ምላሱ ስለታም ነው። አጭሯን ጥይት ከመዳፌ አንስቶ አገላበጣት።

«ኢንጂነሯ፣ ይቺ እኮ የሽጉጥ ናት።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ያኛው ደግሞ ጠመንጃ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያው በቅሎ ወለድኩ በይኛ። አባትሽ ማነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት የምትለዋን።»

አባቴ ከተኛበት ቀና ሳይል፣ «በቅሎ ላይ ማን ነበር የሚቀመጠው?» አለው።

«ማን ይሆናል? መኳንንቱ ነዋ። ቄሱ፣ ሽማግሌው።»

«ለምን?»

«ስለማታንገጫግጭ» አለ ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ዞር በል፣ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው።»

አቀባብሎ ተኮሰ። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ነበር። ዓይኑን አልጨፈነም። ደግሞ አቀባበለ፤ ባዶዋ ቀለሃ ተፈናጥራ እርጥቡ ሣር ላይ ጢስ አለች። ደጋግሞ ተኮሰ፤ ትከሻው ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ኢላማውን በመነጽር ሲያይ ቆየ።

«አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚታየኝ። የቀሩት ስተዋል።»

«የቀሩትም እዚያው ናቸው፣ ጋሼ» አልኩት፤ መነጽሩን አልተቀበልኩትም።

ሄደው አዩት። ሲመለሱ ጋሼ ወረቀቱን እንደ ጋዜጣ አጥፎ ኪሱ ከቶት ነበር። «ለሚስቴ ላሳያት» አለ፣ «አለዚያ ዋሸህ ትለኛለች።» ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ በቀኝ እጁ ብቻ እየነዳ በዝግታ ያፏጭ ነበር።

ከተኩስ ማግስት፣ እሁድ እሁድ፣ ክንዱ አልታዘዝ ይለው ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ሲለብስ ኮቱን ከኋላው ይዤ ክንዱን ወደ እጅጌው የማስገባለት እኔ ነበርኩ። ሌላ ጊዜ ተቃቅፈን አናውቅም። ከዚያ ሙከራ በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ከመኝታ ቤቱ በር ስደርስ ኮቱን ራሱ ለብሶ አንገትጌውን ያስተካክላል። ትከሻው እንደ ወጣት ይዞራል። ሥራዬ ልክ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ደስም አለኝ፤ እግሬ ግን ከበሩ አልነቀል አለ።

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ከዚያ ኮቱን አወለቀና ወደ እኔ ዘረጋው።

«እስቲ ያዢልኝ።»

ያዝኩለት።