ኦቦ አማን ሚኒስትሩን የጠየቁ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ሮቤ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ ቴሌቪዥን አይ ነበር። አንድ ሚኒስትር ለምክር ቤት አባላት መልስ ይሰጣሉ፤ ስለ ደን፣ ስለ ወንዝ ዳርቻ፣ ስለ ወረዳዎች አስተዳደር። ሰብሳቢው "ጥያቄዎቹ ተሰባስበው በአንድ ላይ ይመለሳሉ" አሉ። አስተናጋጁ "ጋሼ፣ ኳስ ላድርገው?" ሲለኝ "ቆይ፣ ትንሽ ቆይ" አልኩት። ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ምን እንደምጠብቅ ለራሴም የገባኝ ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የምጠብቀው ኦቦ አማን በደርግ ዘመን ለጠየቁት ነገር መልሱን ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼ፣ ግጥምን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ በራሴ የተማርኩ ሰው። አንድ ቦታ መርጋት አላውቅም። የቀለም ጣሳዬን ይዤ ዛሬ ጊኒር፣ ነገ አጋርፋ እላለሁ። የምበላው ግን ከግጥም አልነበረም፤ ከመፈክር ነበር። ቀይ ጨርቅ፣ ነጭ ቀለም፣ ቃለ አጋኖ። በዚያ ዘመን ቃለ አጋኖ ስንት እንደሳልኩ ፈጣሪ ይወቀው።

ኦቦ አማን ከሮቤ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ሽማግሌ ነበሩ። በመንደር ምሥረታው ጊዜ እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ከተራራው ግርጌ ካለው ቀዬአቸው ተነሥተው፣ መንገድ ዳር፣ ገመድ በተዘረጋበት መስመር ቤት እንዲሠሩ ተደረገ። የለቀቁት ቦታ ጥድ ተተከለበት፤ በሽቦ ታጠረ፤ ዘበኛ ቆመበት። ሆራውም እዚያው ውስጥ ቀረ። ሆራ ለማያውቅ ሰው፣ ከብት የሚጠጣው ጨው ጨው የሚል ምንጭ ነው። ባሌ ውስጥ ሆራ ያጣች ላም ሣር ጠግባም ትከሳለች፤ ግቷ ይደርቃል። አንድ ቀን የመንደሩን ቁጥር በየበሩ ልጽፍ ሄጄ ላሞቹ የአዲሶቹን ቤቶች የጭቃ ግድግዳ ሲልሱ አየሁ። ከአንዱ ቤት ጥግ ጭቃው አልቆ እንጨቱ ይታይ ነበር።

ወረዳ ሄዱ፤ "ይህ ከእኛ በላይ ነው" ተባሉ። ጎባ ሄዱ፤ እዚያም "ከእኛ በላይ ነው" ተባሉ። ቀጥሎ ሸንጎ የሚባል ነገር መጣና ኦቦ አማን አባል ሆነው ተመረጡ። ብዙም ሳይቆይ፣ እነዚህ ሁሉ ቢሮዎች "ከእኛ በላይ" የሚሏቸው ሚኒስትር ጎባ መጥተው ለአባላቱ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ ተባለ። መንደሩ በሙሉ ለኦቦ አማን አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጣቸው፦ በወር አንድ ቀን የአጥሩ በር ይከፈትልን።

መፈክሩን እንድጽፍ ያዘዙኝ ሰዎች፣ ሁለቱንም ቋንቋ ስለማውቅ፣ አማርኛ ለመናገር ላልደፈሩ አባላት አስተርጓሚም አደረጉኝ። ኦቦ አማን ይህን ሰምተው ጥያቄውን አብረን ልናጠና ያረፍኩበት ቤት ድረስ መጡ። እኔ ደስ ብሎኝ የተራራውን ጉም፣ የላሟን ዕንባ፣ የምንጩን ድምፅ ጨምሬ አሳመርኩት። በኦሮምኛ መልሼ ስነግራቸው ሳቁ።

"ያ ታዴ" አሉ ስሜን ጠርተው፣ "ይህ ለሠርግ ይሆናል። እኔ የምፈልገው በር እንዲከፈት ነው።"

አንድ በአንድ አስወጡኝ። መጨረሻ የቀረው ይህ ነበር፦ "ደኑ የመንግሥት ይሁን፤ ዛፉን አንነካም። ሆራው ግን የከብቶቹ ነው። በወር አንድ ቀን ያሳልፉልን።" ከጻፍኳቸው ግጥሞች ብዙዎቹን ረስቻለሁ። ይህን አልረሳሁም።

ወደ ጎባ የሄድነው የስንዴ አጨዳ ሰሞን ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የመንግሥት እርሻው ኮምባይነሮች አቧራ እያስነሡ ይዞራሉ፤ አውቶቡሱ ውስጥ የገለባ ሽታ ይገባል። ጎባ ስንደርስ ግን ብርዱ እንደ ልማዱ አጥንት ይሰረስር ነበር፤ ጉሙ ከቱሉ ዲምቱ ተራራ በኩል ገና አልተነሣም። ኦቦ አማን ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በብብታቸው በጨርቅ የተቋጠረ ጩኮ ይዘዋል፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ለሚኒስትሩ ነው። "የሩቅ መንገደኛ ነው፤ ይርበዋል" አሉኝ።

አዳራሹ በር ላይ የእኔን ጨርቅ አዩት።

"ምን ይላል?"

"'ጓድ ሚኒስትር፣ እንኳን በደህና መጡ' ይላል።"

"ጥሩ። አሳዳጊ ያለው ጨርቅ ነው" አሉና ገቡ።

ሚኒስትሩ መነጽራቸውን ደጋግመው የሚጠርጉ፣ ዓይናቸው የደከመ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሰብሳቢው ለእያንዳንዱ ጠያቂ ጥቂት ደቂቃ እንዳለው፣ ጥያቄ ሁሉ ካለቀ በኋላ መልስ በአንድነት እንደሚሰጥ ተናገረ። ይህን ለኦቦ አማን ተረጎምኩላቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጊኒሩ አባል ስለ ከብት ገበያ፣ የሶፍ ዑመሩ ስለ ድልድይ ጠየቁ። ከዚያ ኦቦ አማን ተነሡ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ።

"አካም ጅርቱ?" አሉ ወደ ሚኒስትሩ ቀና ብለው። እንዴት ነዎት?

ተረጎምኩ። ሚኒስትሩ ፈገግ ብለው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

"ቤትዎ ደህና ነው? ልጆችዎ ደህና ናቸው? ከብትዎ ደህና ነው? አገርዎ ዝናብ ጣለ? መንገዱስ ሰላም ነበር?"

እያንዳንዱን ተረጎምኩ። ሚኒስትሩ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ኦቦ አማን ዝም አሉ። ሚኒስትሩም ቀና ብለው ዝም አሉ። ሰው ሳለ፤ ወንበር ተንቋቋ።

"ወደ ጥያቄው ይግቡ" አለ ሰብሳቢው።

ነገርኳቸው። ዞር ብለው አዩኝ። "እንዴት እገባለሁ? ሰውየው ገና ደህና ነኝ አላለኝም።"

"ኦቦ አማን፣ የሚመልሱት ሁሉንም በአንድ ላይ ነው ብዬዎት የለ!"

"ጥያቄውን ነዋ! ሰላምታም ተጠራቅሞ ይመለሳል?"

በእኛ አገር ሰው ቤቱ ደህና መሆኑን ሳይነግርህ ችግርህን አትዘረግፍበትም። ምናልባት ሐዘን ላይ ይሆናል። ምናልባት ልጁ ታሟል። ኦቦ አማን እንደ ግንድ ቆመው፣ በትሕትና ይጠብቃሉ። ሚኒስትሩም እስክሪብቶአቸውን ይዘው፣ በትሕትና ይጠብቃሉ። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ በመካከላቸው የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ ላብ ያጠመቀኝ።

"ጓድ ሰብሳቢ" አልኩ፣ "ክቡር ሚኒስትሩ 'ደህና ነኝ' ይበሏቸውና..."

"አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ይተርጉም!"

"ጥያቄአቸውን አውቀዋለሁ። ሆራው በአጥር..."

"ተመራጩ እሳቸው ናቸው ወይስ አንተ?"

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ብርጭቆውን በእስክሪብቶ መታ፤ "ጊዜዎ አልቋል፣ እናመሰግናለን" አለ። ማይክራፎኑ ከእጃችን ተወሰደ። ኦቦ አማን አሁንም እንደቆሙ ነበሩ። ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

መልሱ የመጣው ከምሳ በፊት ነው። ሚኒስትሩ ወረቀታቸውን አስተካክለው፣ "አንድ አባት ስለ ከብት ጤንነትና ስለ ዝናብ ያነሡት ጥያቄ እጅግ መሠረታዊ ነው" ብለው ጀመሩ። ንግግራቸው ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነበር እላለሁ። ዝናብ ከደን ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ ተራራ ሲራቆት ምንጭ እንዴት እንደሚደርቅ አስረዱ። "ስለዚህ" አሉ በመጨረሻ፣ "የአባታችንን ስጋት በመጋራት፣ በዚህ አካባቢ የተከለለው ደን እንዲሰፋ፣ ጥበቃውም እንዲጠናከር መመሪያ እንሰጣለን።"

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። በዚያ ዘመን ያላጨበጨበ ሰው ይታያል። ኦቦ አማን ሰው ሲያጨበጭብ አይተው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ "ደህና ነኝ አለ?" አሉኝ።

"አላሉም።"

የተባለውን ሁሉ የነገርኳቸው ከአዳራሹ ወጥተን፣ ከአንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነው። አላቋረጡኝም። እጃቸውን አጣምረው ተራራውን እያዩ ሰሙኝ። ባለሥልጣናቱ በመኪና ወደ ምሳ ሄዱ፤ ጩኮውን የሚሰጡት ሰው አጡ። ፈትተው መካከላችን አስቀመጡት። ቅቤው በብርዱ ረግቶ ነበር። መብላት አቃተኝ።

"ብላ እንጂ፣ ኢልማኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ታዲያ እኔ መንደር ገብቼ ምን እላለሁ?"

"እውነቱን ይበሉ። አላስጠየቁኝም ይበሉ።"

"አይደለም" አሉ። "ያን ሰው ዓይኑን አየኸው? ቤቱ ደህና አይደለም። ደህና ቢሆን ደህና ነኝ ይል ነበር። ችግር ላይ ያለን ሰው በከብት ነገር አላስጨነቅኩትም እላለሁ።"

ተቆጥቼ ነበር። ያን ያህል መታገሥ ሞኝነት መስሎኝ ነበር።

ሽቦው ቁልቁል ወርዶ የመንደሩን ግጦሽም ያዘ። በዚያው በጋ ኦቦ አማንን ሮቤ ገበያ አገኘኋቸው፤ ላሞቻቸውን እየሸጡ። የላሞቹ ጎድን በሩቅ ይታያል። ሰላምታውን አንድም ሳያጎድሉ ጠየቁኝ፤ እኔም መለስኩ። ተራዬ ደርሶ "ከብትስ ደህና ነው?" ማለት ነበረብኝ። ገመዱን በእጃቸው እያየሁ አፌ አልከፈት አለኝ። እሳቸው ግን ጠበቁኝ፤ ጠበቁኝና፣ "ደህና ነው" አሉ ሳልጠይቃቸው።

ከዓመታት በኋላ ደርግ ሲወድቅ ሽቦውንም ጥዱንም ሕዝቡ ባንድ ሰሞን ጨረሰው። ወደ ሆራው የሚያስገባ በር መጠየቅ አላስፈለገም። ኦቦ አማን ግን የሚነዱት ከብት አልነበራቸውም። ዛሬ እሳቸውም የሉም። እነዚያ ሚኒስትር የት እንደደረሱ አላውቅም። ቤታቸው በእርግጥ ደህና እንዳልነበረ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ፤ ያን ዘመን የማን ቤት ደህና ነበር?

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሚኒስትር መልሳቸውን ጨርሰው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ጭብጨባ ተሰማ። አስተናጋጁ መጥቶ፣ "አሁንስ ላዙረው፣ ጋሼ?" አለኝ።

"አዙረው" አልኩት። "ይልቅ ቤት እንዴት ነው? እናትህ ደህና ናቸው?"

ልጁ ሪሞቱን እንደያዘ ግራ ገብቶት አየኝ፤ ኳሱም ተጀምሯል። መልሱን ጠበቅኩ።