መረብ የሌለው ጎል

በዘጠናዎቹ ቀበና አካባቢ ኮሌጅ ስማር የአካውንቲንግ ተማሪዎች ቡድን በረኛ ነበርኩ። ጎላችን ከእንጦጦ የወረደ የባሕር ዛፍ እንጨት እንጂ መረብ አልነበረውም። ስለዚህ ኳሷ መግባቷ ሲያጠራጥር ዳኛው በረኛውን ያስምለዋል። በረኛ ሁሉ ደግሞ «እናቴ ትሙት አልገባችም!» ብሎ ይገላገላል።

የፍጻሜው ዕለት አንድ ለአንድ ሆነን ሊያልቅ ሲል የማኔጅመንቱ አጥቂ አክርሮ መታ። ኳሷ ቋሚውን ታካ አለፈች። የሚዳኙን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ መጡ።

«በል ማል። ገብታለች ወይስ አልገባችም?»

«ጋሼ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ አልምልም። ግን ገብታለች።»

አምበላችን ጭንቅላቱን ያዘ። «አብደሃል? አንተ የማን በረኛ ነህ?»

«ገብታለች አልኩ!»

ከዳር «ባንዳ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ዋንጫው ገደል ይግባ፣ እውነት እውነት ነው!

ይሄኔ አጥቂው ራሱ እያለከለከ ደረሰ። «ጋሼ፣ ኧረ አልገባችም። በውጪ ነው ያለፈችው፤ እኔ አይቻታለሁ።»

ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ደሜ ፈላ። ለእውነት ብዬ የተሰደብኩት እኔ፣ የሚጨበጨብለት እሱ?

«ገብታለች!» አልኩት።

«ወንድሜ፣ አልገባችም።»

«ገብታለች አልኩህ እኮ!» ብዬ ኮሌታውን ጨምድጄ ያዝኩት።

ጋሽ ታደሰ በቀይ ካርድ አስወጡኝ። የጸባይ ዋንጫውን እሱ ወሰደ። ዛሬም ብትጠይቁኝ ግን ገብታለች!