ሦስተኛው ማሳ

የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መንስኤዎች ጎንደር ከተማ ውስጥ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከመንስኤዎቹ ሁሉ ተማሪ ቶሎ ሸምድዶ ቶሎ የሚረሳው የኃያላን መንግሥታትን የቅኝ ግዛት ሽሚያ ነው። ፈተና ላይ ቁልጭ አድርገው ይጽፉታል፤ "ምን ማለት ነው?" ብዬ ስጠይቅ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልተፈጠረልኝም። ጠመኔ ወርውሬ ባላውቅም እጄን የበላኝ ቀን ብዙ ነው።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ነበረችኝ። ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ማሳ እስላለሁ። "እነዚህ ሁለት ገበሬዎች ድንበር ይገፋፋሉ። አንዱ አንድ ትልም ሲገፋ ሌላው ሁለት ይገፋል፤ በመጨረሻ ዱላ ይማዘዛሉ። እንግሊዝና ጀርመንም እንደዚያው ናቸው" እላለሁ። ግማሹ ተማሪዬ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ስለሆነ ምሳሌው ልብ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። እኔ ራሴ ወላጆቼ ሆስፒታል ሲሠሩ ከተማ ውስጥ ያደግሁ ነኝ፤ ሞፈር ጨብጬ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ ደፍሮ ያረመኝ አልነበረም።

ያረመችኝ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ስም ስጠራ "አቤት" የምትለው እንኳ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ሁለቱን ማሳ ስዬ ስጨርስ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እንደሱ አይደለም እኮ።"

"ምነው?"

"ሁለት ብርቱ ሰዎች በራሳቸው ድንበር ብዙም አይነካኩም፤ ይፈራራሉ። የሚጣሉት የሚያርስለት በሌለው ሰው መሬት ነው።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ደሜ ፈላ፤ "እንግዲያው ነይና አንቺ አስተምሪ" አልኳት። እንዳሽሟጠጥኩባት ገብቷታል፤ ግን መጣች። ጠመኔውን ተቀብላ በሁለቱ ማሳዎች መሃል ሦስተኛ ማሳ ሳለች።

"መጀመሪያ አንደኛው 'አረም እንዳይውጠው' ብሎ ዳር ዳሩን አንድ ትልም ያወጣበታል። ሌላው 'ብቻውንማ አይወስደውም' ብሎ በወዲያ በኩል ይጀምራል። ሁለቱም ለባለቤቱ አዝነው ነው የሚመስሉት። መሃል ላይ ሲገናኙ ነው ዱላ የሚነሳው።"

የሳቀ አልነበረም። አውሮፓውያኑ "ልናሠለጥናቸው ነው" እያሉ የሰው አገር ሲቀራመቱ የኖሩበትን ታሪክ እኔ በአንድ ሳምንት ክፍለ ጊዜ የማልጨርሰውን፣ እሷ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። አፍሬ ነበር፤ ግን ከሐፍረቱ ይልቅ ደስታው በለጠብኝ።

ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሦስተኛው ማሳ የራሷ መሆኑን ነገረችኝ። እናትና አባቷ በተከታታይ ሲያርፉ መሬቱ ለእሷ ተላልፎ የይዞታ ደብተሩ በስሟ ወጥቷል። የአባቷ ወንድም በአንድ በኩል፣ የእናቷ ወንድም በሌላ በኩል ማረስ ጀመሩ። ሁለቱም ስንቅ ይልኩላታል፤ ሁለቱም ይወዷታል። ባለፈው ክረምት ግን መሃል ላይ ተገናኙና አንደኛው ጠመንጃ እስከማውጣት ደረሰ። እሁድ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው።

"ታዲያ ሽማግሌ ከተቀመጠ ደግ አይደለም?" አልኳት።

"ሁለቱን የሚያስታርቁበትን መላ ሰምቻለሁ፤ እኔን ሊድሩኝ ነው። መሬቱን ባሏ ይረሰው፣ ጠቡም ይቅር ተብሏል።" ቀጥላም "ሁለቱም አጎቶቼ ሁለት ሁለት ሽማግሌ ጠርተዋል። በእኔ በኩል የሚቀመጥ ግን የለም። እርስዎ ይምጡልኝ" አለች።

ለሽምግልና ዕድሜዬም ጠባዬም እንደማይፈቅድ ነገርኳት። ስለ እርሻ ምንም እንደማላውቅም ራሷ ሰሌዳ ላይ አሳይታኛለች። "ሌላ ሰው የለኝም" አለች። እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ያን ሰሞን መንገዱ ሰላም ነበር። እሁድ ጠዋት በሚኒባስ ትክል ድንጋይ ደረስንና ከዚያ በእግር ተጓዝን። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ሁለቱ አጎቶች ትይዩ ቆሙ። ዋስ ጠርተው፣ ከተፈረደው እንደማይወጡ ማሉ። ልጅቱ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆመች።

ሰብሳቢው ሽማግሌ የመዳሩን ነገር ሲያነሱ ፈቃድ ጠይቄ ተነሳሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ስለ አውሮፓ ጀመርኩ። ስለ መርከብ ፉክክር፣ ስለ ሞሮኮ፣ ባለአገሮቹ ሳይጠሩ አፍሪካን ስለተከፋፈሉበት ጉባኤ፤ ጭራሽ እጄ ሰሌዳ መፈለግ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ሲያንጎላጁ አየሁ። ሰብሳቢው በጨዋ ደንብ አስቆሙኝ።

"መምህር፣ ትምህርትህ ሸጋ ነው። እኛ ግን ይችን ማሳ ነው የያዝነው።"

ተቀመጥኩ። ልጅቱን ቀና ብዬ ለማየት እንኳ አቃተኝ፤ አመድ እንዳደረግኋት ነበር የገባኝ። እሷ ግን ነጠላዋን አደግድጋ መሃል ገባች።

"አባቶቼ፣ ሽማግሌዬ ተናግረው ጨርሰዋልና እኔም ልናገር። አጎቶቼ ጦም አሳድረውኝ አያውቁም፤ አልክድም። ግን ሁለቱን ለማስታረቅ የምትሰጡት እኔን ነው። ባገባ ባሌ ሦስተኛ ጠበኛ ይሆናል እንጂ ጠቡ አይቀርም። ዛሬ ሁለት ናቸው፤ ያን ጊዜ ሦስት ይሆናሉ። ለሁለቱም ዘመድ ያልሆነ ጎረቤት ምርቱን ልንካፈል በእኩል ይረስልኝ፤ አጎቶቼ እጃቸውን ያንሱ። እኔም ትምህርቴን ልጨርስ።"

የሚያንጎላጁት ሽማግሌ ነቅተው ነበር። ሰብሳቢው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና "ምነው ይህችን ልጅ አስቀድመን ሳንጠይቃት?" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና እሷ ባለችው ፈረዱ። አጎቶቿ ተሳሳሙ ተባሉ፤ ተሳሳሙ፤ ግን ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እኔ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እለፈልፋለሁ፤ እሷ በመስኮት ታያለች። ጎንደር ልንገባ ስንል ዞር አለች።

"ቲቸር፣ ለፋሲካ የማን ቤት ነው የምገባው?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። የእኔ መጽሐፍ ስምምነት ሲፈረም ምዕራፉን ይዘጋል። ለዚህች ልጅ ግን ከመሬቷም ከትምህርቷም ሌላ ያላት ዘመድ እነዚያ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን አሳዝናቸዋለች። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ ላይ ሦስት ማሳ ነው የምስለው። ተማሪዎቼ "የመሃለኛው ባለቤት ምን ሆነ?" ብለው ይጠይቁኛል፤ ሳይጠይቁኝ ያለፈ ክፍል የለም። ሥራዬን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ይህን በሕይወቴ ካገኘኋቸው ደጋግ ነገሮች አንዱ አድርጌ አመሰግናለሁ፤ እሷ ግን ስነግራት መሬት መሬት እያየች ትስቃለች።

የፋሲካ ዕረፍት አልቆ ስትመለስ በር ላይ የጠበቅኋት እኔ ነኝ።

"የማን ቤት ገባሽ?"

"እሁድ የአባቴ ወንድም ጋ፣ ሰኞ የእናቴ ወንድም ጋ።"

"ተቆጡሽ?"

"ስለ መሬቱ አላነሱም። በልቼ ልነሳ ስል ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው 'ያ ሰውዬ ደህና ነው?' ብለው ስለ ሌላኛው ጠየቁኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ለሁለቱም 'ደህና ነው፤ እሱም ስለ እርስዎ ጠይቋል' አልኳቸው። እሁድ ስናገር ውሸቴን ነበር" አለች። "ሰኞ ግን እውነቴን ነው።"